ፍንጭ በስንት ይገዛል?

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ሰፈራችን መብራት ጠፋ። እናቴ ሻማ ለኩሳ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። እኔና የ12 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እንደ መጽሐፍ የምትታጠፍ፣ ጠርዟ የተፋፋቀ አንዲት ትንሽ የጌም ማሽን ላይ አፍጥጠናል። ስክሪኗ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ አለ። ለወንድሜ እንዲገባው ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ክፍል ውስጥ 10 ሻማዎች እየበሩ ነው። በተከፈተ መስኮት ነፋስ ገባና ሁለቱን አጠፋ። ቆየት ብላችሁ ስታዩ አንድ ሌላ ጠፍቷል። ሌላ እንዳይጠፋ ብላችሁ መስኮቱን ዘጋችሁት። ከዚያ በኋላ ነፋስ ያጠፋው ሻማ የለም። በመጨረሻ ስንት ሻማ ይቀራችኋል?

«ሰባት!» አለ ወንድሜ።

«ሰባት» አልኩ እኔም፣ ከነኢኮኖሚክስ ዲግሪዬ። ጻፍኩት። ስህተት።

እናቴ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ «ሦስት ነዋ» አለች።

«እንዴት ሦስት?»

«የጠፉት ናቸዋ የሚቀሩት። የሚበራው ነዶ ያልቃል። አንቺ ሻማ ገዝተሽ ስለማታውቂ ነው።»

ልክ ነበረች። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ጌም ነክታም አታውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ሻማ ቆጥራ የምታስቀምጠው እሷ ናት። መልሱ ከእኔ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅኩትም። በዚያ ላይ ጌሙ ውስጥ ፍንጭ መግዣ የሚሆን ከ40 በላይ ሳንቲም ነበረኝ። አንዷንም አልነካሁም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ጌም ነው። ስለነዚያ ሳንቲሞችም ነው።

ሁሉም ሰው እንቆቅልሽ የሚጠይቅባት መንደር

ማሽኗ ኒንቴንዶ ዲኤስ ትባላለች። አክስቴ ዱባይ ከምትሠራበት ቤት ልጆቹ አድገው ሲተዋት አምጥታልን ነው። ከውስጧ የተገኘው አንድ ካርድ ብቻ ነበር፦ «ፕሮፌሰር ሌይተን ኤንድ ዘ ኪዩሪየስ ቪሌጅ»። በእኛው ብንለው «ፕሮፌሰር ሌይተንና እንግዳዋ መንደር» እንደማለት ነው።

ጌሙ አዲስ አይደለም። ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ አሜሪካና አውሮፓ የደረሰው በ2008። እናንተ ይህን ስታነቡ ከወንድሜ ዕድሜ በላይ ሆኖታል። ያም ሆኖ ስልኬ ላይ ካሉት አዳዲስ ጌሞች ሁሉ እንደሱ እንቅልፍ የነሳኝ የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሌይተን ለንደን የሚኖር የአርኪዮሎጂ ፕሮፌሰር ነው፤ ያ ረጅም ቆቡ ከራሱ ላይ አይወርድም። ሉክ የሚባል ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ አብሮት ይዞራል። ሴንት ሚስቴር በምትባል ትንሽ መንደር ባሮን ራይንሆልድ የተባለ ባለጸጋ ሞቷል። ኑዛዜው «ወርቃማውን ፖም ያገኘ ሰው ሀብቴን ይውረስ» ይላል። ፖሙ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሚስቱ ሌዲ ዳሊያ ደብዳቤ ጽፋ ሌይተንን ጠራችው።

መንደሯ ግን ጤነኛ አትመስልም። ገና ስትደርሱ የመግቢያው ድልድይ እንዲወርድላችሁ እንቆቅልሽ መፍታት አለባችሁ። ሻይ የሚጠጣው ሰውዬ እንቆቅልሽ ይጠይቃል። የሆቴሏ ባለቤት ትጠይቃለች። መንገድ ስትጠይቋቸው ሳይቀር «መጀመሪያ ይቺን ፍታልኝ» ይሏችኋል። ማታ ማታ ሰው ይሰወራል። የግድያ ወሬ ይመጣል። ከመንደሯ ዳር ደግሞ ማንም የማይገባበት ግንብ ቆሟል፤ ከውስጡ የሚያስፈራ ድምፅ ይሰማል።

መጀመሪያ ላይ ይሄ የመንደሩ ሰው ሁሉ እንቆቅልሽ አፍቃሪ መሆኑ የጌም ሠሪዎቹ ስንፍና መስሎኝ ነበር። «እንቆቅልሽ መክተት ስለፈለጉ ሰው ሁሉ እንቆቅልሽ ይጠይቅ ብለው ነው» ብዬ። ተሳስቻለሁ። ምክንያት አለው። መጨረሻው ላይ ምክንያቱን ስታውቁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እያንዳንዱን ሰው እንደገና ማየት ያምራችኋል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ስፖይለር ጠላቴ ነው።

ከመጽሐፍ የተወለደ ጌም

የሠራው ድርጅት ሌቨል ፋይቭ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓኗ ፉኩኦካ ከተማ ነው የተቋቋመው። መሥራቹ አኪሂሮ ሂኖ ልጅ እያለ «አታማ ኖ ታይሶ» የተባሉ መጻሕፍትን ይወድ ነበር። ትርጉሙ «የጭንቅላት ጂምናስቲክ» ማለት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1966 ታትሞ ጃፓን ውስጥ በጣም የተሸጠ፣ ከዚያም ብዙ ተከታታዮች የወጡለት የእንቆቅልሽ ስብስብ ነው። ጸሐፊው አኪራ ታጎ የሥነ ልቦና ምሁር፣ የቺባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ኒንቴንዶ ዲኤስ ላይ «ብሬን ትሬኒንግ» የሚባሉ አእምሮ የሚያሠሩ ጌሞች ገነኑ። ጌም ተጫውተው የማያውቁ እናቶችና አያቶች ሳይቀሩ ማሽኑን መግዛት ጀመሩ። ሂኖ ታዲያ አንድ ነገር አሰበ፦ እንቆቅልሽ ብቻውን ሰውን ቶሎ ይሰለቸዋል፤ ታሪክ ቢጨመርበትስ? ሄዶ የልጅነቱን ጸሐፊ አገኛቸው። ፕሮፌሰር ታጎም የጌሙን እንቆቅልሾች በበላይነት ለመምራት ተስማሙ። ከቀደሙ መጻሕፍቶቻቸው የተወሰዱ አሉ፤ ለጌሙ ተብለው የተሠሩም አሉ። ታጎ እ.ኤ.አ. በ2016 በ90 ዓመታቸው አረፉ፤ የሌይተን ተከታታይ ጌሞች ግን በድምሩ ከ15 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል።

እኔን የገረመኝ እዚህ ጋ ነው። ሂኖ የራሱ ድርጅት ያለው፣ ትልልቅ ጌሞች ሠርቶ የተሳካለት ሰው ነበር። እንቆቅልሽ መጻፍ ላይ ግን «እኔ ራሴ እወጣዋለሁ» አላለም። የሚያውቀውን ሰው በር አንኳኳ።

ሁለቱ ገንዘቦች

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ሴንት ሚስቴር ውስጥ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ።

የመጀመሪያው ፒካራት ይባላል። እያንዳንዱ እንቆቅልሽ እንደ ክብደቱ የፒካራት ዋጋ አለው። በመጀመሪያ ሙከራ ካገኛችሁት ሙሉውን ትወስዳላችሁ። ከተሳሳታችሁ ይቀንሳል፤ ዜሮ ግን አይገባም። ሰዓት የሚቆጥር የለም። «ጌም ኦቨር» የሚባል ነገርም የለም። የፈለጋችሁትን ያህል መሳሳት ትችላላችሁ፣ ክፍያው ፒካራት ብቻ ነው። ያለፋችሁት እንቆቅልሽ እንኳ አይጠፋም፤ አንዲት አሮጊት ሰብስባ ቤቷ ታስቀምጥላችኋለች። እኛ ቤት ስሟ «እማማ ሪድልተን» ሆኗል።

ሁለተኛው የፍንጭ ሳንቲም ነው። ማሽኗ ሁለት ስክሪን አላት፤ የታችኛውን በፕላስቲክ ብዕር ትነኩታላችሁ። በርሜሉን፣ የመንገድ መብራቱን፣ የጭስ ማውጫውን፣ የመስኮቱን ጥግ ስትነኩ አንዳንዴ ሳንቲም ብቅ ይላል። እያንዳንዱ እንቆቅልሽ ሦስት ፍንጭ አለው። አንዱ ፍንጭ አንድ ሳንቲም። የመጀመሪያውን ሳትገዙ ሁለተኛውን መግዛት አይቻልም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ መልሱን አፋችሁ ውስጥ ያደርግላችኋል ማለት ይቻላል።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ጆርጅ ስቲግለር ተምሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ መረጃ ኢኮኖሚክስ በጻፈው ጥናት የሚታወቅ፣ በ1982 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ሐሳቡን ባጭሩ ብንለው፣ መረጃ ነጻ አይደለም። ፍለጋ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ሰው የሚፈልገው፣ ተጨማሪው ፍለጋ የሚያስገኝለት ጥቅም ከሚያስወጣው ወጪ እስከበለጠ ድረስ ነው። ለፈተና ሸምድጄው ኤ አምጥቼበታለሁ።

ጌሙ ላይ ግን ምን አደረግኩ? ሳንቲሞቼን እንደ ድመት ግልገል ታቅፌ ተቀመጥኩ። «ለክፉ ቀን ይሁኑ» እያልኩ። አንድ እንቆቅልሽ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጬ፣ ወረቀት ሞልቼ፣ አራት ጊዜ ተሳስቼ፣ ፒካራቴ ተሸርሽሮ እንኳ ፍንጭ አልገዛሁም። ሁሌም የሚከብደው ጥያቄ ከፊቴ ያለው ሳይሆን ወደፊት የሚመጣው ነው ብዬ አስብ ነበር።

ልብ በሉ፤ ፍንጭ መግዛት ፒካራት አይቀንስም። ፒካራት የሚቀንሰው ገምቶ መሳሳት ነው። እኔ ለመቆጠብ ብዬ ርካሹን ነገር አስቀምጬ ውዱን እያጠፋሁ ነበር።

ወንድሜ እንዴት ቀደመኝ

ጌሙ ሦስት ሰው ለየብቻ እንዲጫወት ይፈቅዳል። ወንድሜ የራሱን ፋይል ከፍቶ ጀመረ። የእሱ ስልት ስልት አይባልም። አምስት ደቂቃ ያስባል፤ ካልገባው ፍንጭ ይገዛል። እንደገና ያስባል፤ ካልገባው ሁለተኛውን ይገዛል። እንግሊዝኛው ሲከብደው ይጠራኛል። ስለ ቁጥር ከሆነ ጎረቤት ያለውን ጓደኛውን ያስገባዋል። ሻማና ድስት ያለበት ከሆነ ወደ እናቴ ይሮጣል።

«ሳንቲምህ ያልቃል እኮ!» ስለው «ሲያልቅ እፈልጋለሁ» ይለኛል።

እውነቱን ነው። ሳንቲም ስለሚያስፈልገው እያንዳንዱን ግድግዳ፣ እያንዳንዷን የአበባ ማሰሮ ይነካ ነበር። እኔ የያዝኩት በቂ ስለመሰለኝ ብዙ መንገድ ላይ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። በመጨረሻ ስናመሳክር እሱ ያገኛቸው ሳንቲሞች ከእኔ በለጡ። ፒካራቱም ከእኔ በለጠ። ጌሙንም ሁለት ሳምንት ቀድሞኝ ጨረሰ።

ከተጣላሁባቸው እንቆቅልሾች አንዱን ላሳያችሁ። መልክ የሚመሳሰሉ 8 የሚዛን ብረቶች አሉ። ሰባቱ እኩል ይመዝናሉ፤ አንዱ ብቻ ይቀላል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ተሰጥቷችኋል። በሁለት ምዘና ብቻ ቀላሉን ለዩት።

እኔ ወዲያው አራት በአራት ከፈልኩት። የቀለለውን ወገን ሁለት በሁለት፣ ከዚያ አንድ በአንድ። ሦስት ምዘና ወጣ። እንደገና አራት በአራት። እንደገና ሦስት። አንድ ሙሉ ምሽት አራት በአራት እየከፈልኩ አሳለፍኩ፤ በሌላ መንገድ መክፈል ይቻላል የሚለው ነገር ራሱ አልመጣልኝም።

ወንድሜ አንድ ፍንጭ ገዛ። ፍንጩ ብረቶቹን ሁሉ ሚዛኑ ላይ ማውጣት ግዴታ እንዳልሆነ የሚያስታውስ ነገር ነበር። በቃ፣ በራለት። ሦስት በሦስት ይመዘናል፣ ሁለቱ ውጭ ይቀመጣሉ። አንዱ ወገን ከቀለለ፣ ከዚያ ሦስት ውስጥ አንድ በአንድ ትመዝናላችሁ፤ እኩል ከሆኑ ቀላሉ ያልተመዘነው ነው። መጀመሪያ ላይ ሦስት በሦስቱ እኩል ከሆኑ ደግሞ ቀላሉ ያለው ውጭ ከተቀመጡት ሁለቱ ውስጥ ነው። ሁለት ምዘና፣ አለቀ።

ሚዛን ሁለት መልስ ብቻ የሚሰጥ ይመስለናል፤ ግራ ወይም ቀኝ። እውነቱ ግን ሦስት ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ወይም እኩል። «እኩል» ማለት ምንም አልተገኘም ማለት አይደለም። እንደውም ሁለት ምዘና ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ዘጠኝ ነገር መለየት ይችላል፤ 8 ብቻ ሳይሆን 9 ብረት ቢሰጧችሁም ይሠራል።

በዚያ ሰሞን ላፕቶፔ ውስጥ «ያመለከትኩባቸው» የሚል ፋይል ነበረኝ። ከ30 በላይ የሥራ ማስታወቂያ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲቪ፣ ከሁሉም አንድ ዓይነት ዝምታ። አራት በአራት፣ አራት በአራት።

ሀገር ስጠኝ

ጌሙ ውስጥ ወንዝ የሚያሻግር እንቆቅልሽም አለ። ሦስት ተኩላና ሦስት ጫጩት ሁለት ብቻ በምትይዝ ታንኳ ይሻገራሉ። በየትኛውም ዳር ተኩላዎቹ ጫጩቶቹን በቁጥር ከበለጡ ይበሏቸዋል። ወንድሜ ገና አንብቤ ሳልጨርስ «ይሄማ የነብር፣ የፍየልና የቅጠሉ ነው!» አለ።

አልተሳሳተም፤ ዘመዳሞች ናቸው። አንድ ሰው ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ ሊሻገር ነው፤ ታንኳዋ ከሱ ጋር አንድ ብቻ ትይዛለች፤ ነብርና ፍየል ብቻቸውን አይተዉም፣ ፍየልና ቅጠልም እንደዚያው። እኛ ቤት ያመጣችው አያቴ ናት። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በላቲን የተጻፈና የዮርኩ አልኩዊን ሥራ ነው በሚባል የጥያቄ ስብስብ ውስጥ ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን ሆነው ይገኛሉ። የጃፓን ጌም ላይ ተኩላና ጫጩት ሆኑ። ወንዙ ያው ነው።

ያን ምሽት አያቴ ትዝ አለችኝ። ከእራት በኋላ «እንቆቅልሽ!» ስትለን «ምን አውቅልሽ!» ብለን እንሰበሰብ ነበር። መልሱ ሲጠፋን ትንሽ አፍጥጣ ታየንና «በሉ ሀገር ስጡኝ» ትላለች። እኛም እንሰጣለን። ጎንደርን ሰጠንሽ። ሐረርን ሰጠንሽ። በአንድ ምሽት ግማሽ ኢትዮጵያን አስረክበን የምንተኛበት ጊዜ ነበር። አያቴ በተሰጣት ሀገር ላይ ትንሽ ትንጎራደድበትና መልሱን ትነግረናለች።

ይሄ እኮ የፍንጭ ገበያ ነው። አለማወቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ተቆርጧል፤ ከፍላችሁ ታውቃላችሁ። ሀገር ሰጥቼ ያፈርኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ይልቅ መልሱን ለመስማት ስቸኩል ሁለት ሀገር በአንዴ የምሰጥ ልጅ ነበርኩ።

ታዲያ መቼ ነው መጠየቅ የሚያሳፍር የሆነብኝ? ይመስለኛል ደረጃ መውጣት የጀመርኩ ጊዜ ነው። አንደኛ የወጣች ልጅ እጇን የምታወጣው ለመመለስ እንጂ ለመጠየቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያልገባኝን ነገር ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ብቻዬን እስከ ሌሊት እታገለዋለሁ እንጂ አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ አልጠይቅም ነበር። ስመረቅ ይሄ ልማድ አብሮኝ ተመረቀ።

71 ሳንቲም

ጌሙን የጨረስኩት ከተመረቅኩ በ14ኛው ወር ነው። የመጨረሻው እንቆቅልሽ ተፈታ፣ የመንደሯ ምስጢር ተገለጠ፣ ያ የአኮርዲዮን ሙዚቃ መጣ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ወንድሜ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየና እንዲህ አለኝ፦

«71 ሳንቲም? ምን ልትገዢበት ነው?»

ምንም። ጌሙ ሲያልቅ የተረፈ የፍንጭ ሳንቲም ምንም አይገዛም። ለወለድ አይቀመጥም፣ ወደ ሌላ ጌም አይተላለፍም። የአንድ ሳንቲም ዋጋው የሚለካው ስትጣበቁ በሚያወጣችሁ ልክ ነው። 71 ጊዜ መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ተነሥቼ ሕይወቴን ቀየርኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ሳምንት ያህል ቆየሁ። ስልኬ ውስጥ ግን አንድ ቁጥር ነበረ። የመመረቂያ ጥናቴን ያማከረኝ መምህሬ ነው። የምረቃ ቀን «ሥራ ስትፈልጊ ደውይልኝ፣ እንዳትረሺ» ብሎኝ ነበር። ለ14 ወር አልደወልኩም። «ሰውዬው ለይሉኝታ ብሎ ነው»፣ «ባዶ እጄን ምን ብዬ እደውላለሁ»፣ «መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ ልድረስ»። የማይመነዘር ሳንቲም።

አንድ ቅዳሜ ደወልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እንዲህ ስጽፈው ያስቃል። ስሜን ሳልጨርስ አወቀኝ።

«የት ጠፍተሽ ነው? ባለፈው ወር ለአንድ ጥናት 12 መረጃ ሰብሳቢ ስንፈልግ ስምሽን አንስቼ ነበር እኮ፤ ስልክሽን የሚያውቅ ጠፋ።»

ቁጥሬን ከተመረቅኩ በኋላ ቀይሬያለሁ። አልነገርኩትም ነበር።

ያ ሥራ አመለጠኝ። ወር ተኩል ቆይቶ ሌላ መጣና ሦስት ሳምንት ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ የቤተሰብ ወጪ መጠይቅ ሞላሁ። ጤፍ በኪሎ ስንት ገዛችሁ፣ ለትራንስፖርት ስንት አወጣችሁ፣ ለሻማስ? ቋሚ ሥራ ዛሬም የለኝም። ግን በዚያ ሥራ ከተዋወቅኳት ልጅ ሌላ ሥራ፣ ከሌላው ደግሞ መጻፍ መጣ። ይቺም ጽሑፍ የመጣችው በዚያው መንገድ ነው።

«ዝም ብለሽ ጠይቂ» ማለት ለሁሉም እንደማይሠራ አውቃለሁ። ስልኩ ውስጥ የመምህር ቁጥር የሌለው፣ የሚጠይቀው ሰው ያጣ ብዙ ወጣት አለ። ሴንት ሚስቴር ላይም ሳንቲሙ ከሰማይ አይወርድም፤ ግድግዳ መንካት ይጠይቃል። የኔ ጥፋት ግን እሱ አልነበረም። እኔ ሳንቲም ነበረኝ።

መጫወት ለምትፈልጉ

ጌሙ እንከን የለውም አልልም። አንዳንዱ እንቆቅልሽ ከታሪኩ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ሰው ጠፍቶ ፍለጋ ላይ ሳላችሁ አንዱ አስቁሞ ስለ ክብሪት እንጨት ይጠይቃችኋል። በቼዝ ንግሥት ላይ የተመሠረቱት ቼዝ ለማያውቅ ሰው ያስለቅሳሉ። እንግሊዝኛውም ይፈትናል፤ ብዙዎቹ እንቆቅልሾች የሚያሳስቱት በስሌት ሳይሆን በአነጋገር ነው። አንዲት ቃል ካለፈቻችሁ አለቀ። ስለዚህ ሁለቴ አንብቡ።

ኒንቴንዶ ዲኤስ ዛሬ አዲስ ሆኖ አይሸጥም። በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ግን ያገለገለው አይጠፋም፤ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ቤት አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ማሽን የለንም ለምትሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥራቱ የተሻሻለ የስልክ ቅጂ ለአንድሮይድና ለአይፎን ወጥቷል። ጌሙ ድሮም በመንካት የሚሠራ ስለሆነ ስልክ ላይ ይመቻል። ችግሩ በክፍያ የሚወርድ መሆኑ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ውጭ ያለ ሰው መጠየቅ ሊኖርበት ነው። መቼም ምን ልል እንደሆነ ገብቷችኋል።

ስትጫወቱ ብቻችሁን አትጫወቱ። ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። እኛ ቤት እናቴ አሁን ከሥራ ስትመለስ «ዛሬስ ምን ጠየቀ ሰውዬው?» ትላለች። ሰውዬው ሌይተን ነው።

ለመሰነባበቻ ከመንደሯ አንዱን ልተውላችሁ። አንድ ዓይነት አይጥ አለ። በየወሩ ይወልዳል፤ በአንዴ 12 ግልገል። ግልገሎቹም በተወለዱ በሁለት ወራቸው መውለድ ይጀምራሉ። እናንተ አንዷን ግልገል በተወለደች በማግስቱ ከሱቅ ገዝታችሁ ቤት ወሰዳችኋት። ከ10 ወር በኋላ ስንት አይጥ ይኖራችኋል?

ካልኩሌተር ከማውጣታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። እምቢ ካላችሁ ደግሞ ሀገር ስጡኝ። ሐዋሳን ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል።